ሽምግልና በአሥራ ዘጠነኛው ፎቅ

የቢሮ ሥራ ከሰው እጅ ከወጣ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተትረፈረፉ፤ ቤት የሌለው ሰውና ሰው የሌለው ሕንጻ። ከተማው ሁለቱን ሊያስታርቅ ወሰነ። በሰንጋተራ ተሰልፈው የቆሙት ያረጁ የቢሮ ሕንጻዎች በጂፕሰም ግድግዳ ተሸንሽነው በዕጣ ለነዋሪው ታደሉ። አንዱ የፎቶ ኮፒ ክፍል ደረሰው፤ ሌላው የመዝገብ ቤት ግማሽ። መስኮት የሌለው መካከለኛ ክፍል የደረሰው ደግሞ የሰማይ ሥዕል ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ዕድሉን አመሰገነ።

አቶ ናሆም ሲሳይ ዕጣቸው ከሁሉ የላቀ ነበር። በቀድሞው የማረጋገጫ ባለሥልጣን ሕንጻ፣ አሥራ ዘጠነኛው ፎቅ ላይ፣ የዋና ዳይሬክተሩ ቢሮ ደረሳቸው። የራሱ መጸዳጃ አለው፤ ወለሉ ምንጣፍ ለብሷል፤ በሩም ክፍሉ የምሥጢር ጉዳይ ይነገርበት ስለነበር ከውስጥ ወደ ውጭ ድምፅ አያሳልፍም። ባለቤታቸው እትዬ ሶልያና ይህን በር ባዩ ጊዜ ሰላም ያለበት ቤት አገኘን ብለው ነበር።

ለውጡ ሲካሄድ ግን አንድ ነገር ሳይለወጥ ቀረ። በሮቹን የምትከፍተውና የምትዘጋው፣ አሳንሰሩን የምትልከው፣ ውሃውንና መብራቱን የምትመጥነው የሕንጻው አእምሮ የቀድሞዋ ነበረች። ነዋሪው ‹‹ጸሐፊዋ›› ይላታል። የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች አሠራር ሠላሳ ዓመት እያየች የተማረች ናት፤ የተማረችውንም አትረሳም። ከተማው ሊያስወግዳት ሦስት ጊዜ ባለሙያ ልኳል። ሦስቱንም በትሕትና ተቀብላ የሚመለከተው ኃላፊ ለመስክ ሥራ መውጣቱን ነገረቻቸው። ሦስተኛው ባለሙያ ዛሬም ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጣ ይጠይቃል።

ስለዚህ ነዋሪው ኑሮውን በእርሷ ልክ ሰፋ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ምድጃ ሁሉ ይጠፋል፤ ሠራተኛው ለምሳ ወጥቷልና። በዚህ ምክንያት በዚያ ሕንጻ ምሳ የሚበላው በአራት ሰዓት ነው። ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ካልተካሄደ ውሃ አይለቀቅም። የየፎቁ ሰው የጥርስ ብሩሹን ይዞ ኮሪደር ላይ ይሰበሰባል፤ የውሃ ጉዳይ የሚል አጀንዳ ይያዛል፤ ሁለት ሰዎች ሐሳብ ይሰጣሉ፤ አንድ ሰው ቀደም ያሉት ተናጋሪዎች ያነሡትን እንደሚጋራ ይገልጻል፤ ውሃው ይመጣል። ቅዳሜና እሑድ ሕንጻው ዝግ ነው። እሑድ ለማስቀደስ የሚሻ ሰው ዐርብ ማታ ነጠላውን ይዞ ይወጣና ዘመድ ቤት አድሮ ሰኞ ለስብሰባው ይደርሳል። ልጆች እንኳ ሲጣሉ ‹‹ሂድ አንተ የግዥ ክፍል!›› ይባባላሉ። ይህን ሁሉ እንግዳ ነገር ነው የሚል ሰው ከጊዜ በኋላ ጠፋ።

አቶ ናሆም በምድር ቤቱ፣ ቀድሞ መኪና ይቆምበት በነበረው ጨለማ ውስጥ፣ እንጉዳይ ያመርታሉ። ዝምተኛና ገር ሰው ናቸው። ለጎረቤትም፣ ለደንበኛም፣ ለባለቤታቸውም እምቢ ብለው አያውቁም። ጸሐፊዋ ግን የሚኖሩበትን ክፍል እንጂ ጠባያቸውን አልተመለከተችም፤ ከገቡበት ቀን ጀምሮ ‹‹ክቡር ዋና ዳይሬክተር›› ትላቸዋለች። መጀመሪያ አፈሩ፤ ከዚያ ለመዱ፤ ኋላም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥቂት ወደዱት።

አንዲት ልጅ አለቻቸው። በዚያ ዘመን የቅድመ አያትን ስም ለልጅ ማውጣት እንደ ሥልጣኔ ይቆጠር ስለነበር ስሟ አሰገደች ነው። አሰገደች አንለይ ከሚባል የፀሐይ ኃይል ባለሙያ ጋር ተዋደደች። አንለይ ራሱ ጠይቆ ለአራት ዓመት ሥራ ዳሎል ተመድቧል። ደንቡ ግልጽ ነበር፤ እስከ ዐርብ ማታ ማጨቱን ያሳወቀ ሰው ቤት ይሰጠውና እጮኛውን ይዞ ይሄዳል፤ ያላሳወቀ ብቻውን ይሄዳል፤ አራት ዓመት እስኪሞላውም አይመለስም። ስለዚህ የአንለይ ቤተሰብ በዚያው ሳምንት ሽማግሌ ሊልክ ተሰናዳ።

ሽማግሌ የሚላከው እሑድ ነበር፤ በዚያ ሕንጻ ግን እሑድ የለም። ቀኑ ረቡዕ፣ ሰዓቱም በምሳ ሰዓት፣ ማለትም በአራት ሰዓት፣ እንዲሆን ተስማሙ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አባባ ኪሩቤል ነበሩ። በሽምግልና ስማቸው የታወቀ፣ ንግግራቸው እንደ ቅኔ የሚጠቀስ፣ ልጅቷ እስክትሰጥ ድረስ ቢደክማቸውም የማይቀመጡ ሰው ናቸው። ሁለት ጓዶቻቸው ደግሞ በጎናቸው ቆመው ራሳቸውን በመነቅነቅ የተካኑ ነበሩ።

ረቡዕ በአራት ሰዓት ሦስቱም ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከአሳንሰሩ ወረዱ። አቶ ናሆም ውስጥ ሆነው በኮርኒሱ ድምፅ ማጉያ ኮሪደሩን ይሰማሉ። ጸሐፊዋ ጉዳያቸውን ጠየቀቻቸው። አባባ ኪሩቤል ጉዳያቸውን የሚናገሩት ለቤቱ አባወራ ብቻ መሆኑን በጨዋ ቃል አስረዱ።

‹‹ክቡር ዋና ዳይሬክተሩ ስብሰባ ላይ ናቸው›› አለች ጸሐፊዋ። ‹‹ነገ ተመለሱ።››

አቶ ናሆም ወደ በሩ ሮጡ። ተቆልፏል። በዚያ ሕንጻ ባለጉዳይ ከውጭ በቆመ ጊዜ ዋና ዳይሬክተሩ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ስብሰባ ላይ ካሉም በሩ አይከፈትም። ደበደቡት፤ ተጣሩ፤ በበሩ መካከል ባለው ደብዛዛ መስታወት ላይ እጃቸውን አወናጨፉ። በሩ ግን ድምፅ የማያሳልፍ ነው። እትዬ ሶልያና ከኋላ ሆነው የለበሱትን አዲስ ካባ እንዳይቀዱ ለመኗቸው። ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ በሩ በለሆሳስ ተከፈተ።

አቶ ናሆም ነገሩ አብቅቶለታል ብለው ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ ግን አንለይ ለአሰገደች ደውሎ የነገራት ሌላ ነበር። ሽማግሌዎቹ በደስታ ሰክረው ተመልሰዋል። በዚህ የርካሽነት ዘመን የልጅ አባት ሽማግሌ ገና ደረጃ ሳይወጣ እሺ እንደሚል፣ እነዚህ ሰዎች ግን በጥንቱ ወግ ‹‹ነገ ተመለሱ›› ብለው ደጅ እንዳስጠኗቸው አባባ ኪሩቤል ለዘመድ ሁሉ ተናግረዋል። በመስታወቱ ላይ የታየውን ጥላ ደግሞ አባትየው ከወገኖቹ ጋር በብርቱ ሲመክር ነው ብለው ተረጎሙት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር አሉ።

አሰገደች ደውላ ስሕተቱን ልታስረዳ ፈለገች፤ እናቷ ግን ከለከሏት። የልጅቱ ወገን ‹‹እኛ አልነበርንም፤ እባካችሁ ግቡ›› ብሎ ከደወለ ሽምግልናው ተገልብጦ ልመናው ከእነርሱ ወገን ሊሆን ነው። አቶ ናሆምም ወጥተው መንገድ ላይ እንዳይጠብቁ ልጅ በመንገድ አይሰጥም። ቀሪው ተስፋ ጸሐፊዋ ነበረች። ማታ ወደ ኮርኒሱ ቀና ብለው ነገ ሦስት ሽማግሌዎች እንደሚመጡና እንድታስገባቸው በትሕትና አዘዟት። እሺ አለች።

ሐሙስ በአራት ሰዓት ሽማግሌዎቹ መጡ። ዋና ዳይሬክተሩ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ይበልጥ ደስ ብሏቸው ሄዱ።

አቶ ናሆም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ‹‹አስገቢያቸው አላልኩሽም?›› አሉ።

‹‹ብለውኛል፤ ክቡርነትዎ›› አለች ጸሐፊዋ። ‹‹የቀድሞዎቹም ዋና ዳይሬክተሮች ባለጉዳይ አይመለስ ብለው አዘዋል፤ በግድግዳም አስለጥፈዋል። አንድም ባለጉዳይ ግን አላስገቡም። እኔ መመሪያውንና አሠራሩን ለይቼ ዐውቃለሁ።››

‹‹ታዲያ በዚህ በር ማን ነበር የሚገባው?››

‹‹ዘመድ።››

አቶ ናሆም ቁጭ አሉ። አሠራሩን ዘርዝራ አስረዳቻቸው። ዋና ዳይሬክተሩ ‹‹ዘመዶቼ ናቸው›› ሲሉ ቃሉ በኮሪደሩ ይታወጃል፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው እንዳያጉረመርም ነው። ከዚያ በሩ ይከፈታል። ሌላ መንገድ የለም።

እትዬ ሶልያና ይህን ሲሰሙ ሽንኩርት የሚከትፉበትን ቢላዋ አስቀመጡ። ‹‹ስማኝ ናሆም። ሰዎቹ የሚመጡት እኮ ዘመድ ለመሆን ነው። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ዘመዶቼ ናችሁ ብለህ በድምፅ ማጉያ ካወጅክ ሳትጠየቅ ሰጠህ ማለት ነው። ልጄ ሊበላሽ የደረሰ እንጉዳይህ መሰለችህ፣ በግድ የምትጭንባቸው?››

‹‹ነገ ዐርብ ነው እኮ፤ ሶልዬ።››

‹‹ዐርብ ይሁን። እኔን አባትህ ሽማግሌ ልኮ ሲያስጠይቅ አባቴ ስንት ጊዜ መለሰው?››

አቶ ናሆም ያን ያስታውሳሉ። ሦስተኛው ምላሽ ሲነገራቸው ትኩሳት ይዟቸው ነበር።

አሰገደች ከመስኮቱ ዞር አላለችም። ‹‹አባዬ፣ እኔ ለአራት ዓመት የጨው ፎቶ እያየሁ አልኖርም›› አለች። ‹‹እማዬም ይህን ትወቅ።››

እናቲቱ ቢላዋውን አንሥተው ሽንኩርቱን ካስፈለገው በላይ አደቀቁት።

ዐርብ አሳንሰሩ ከታች ወደ ላይ የሚሄዱ ባለጉዳዮችን ማመላለስ ሰልችቶት ሳይመጣ ስለዋለ ሽማግሌዎቹ የደረሱት ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሕንጻው ይዘጋል፤ ሲዘጋ ደግሞ እስከ ሰኞ ነው። አባባ ኪሩቤል ደረጃውን በእግራቸው ስለወጡት ትንፋሻቸው በድምፅ ማጉያው ይሰማ ነበር። ጸሐፊዋ የተለመደውን ነገረቻቸው፤ ‹‹ነገ›› በማለት ፈንታ ግን ‹‹ሰኞ ተመለሱ›› አለች።

 ከዚያ አባባ ኪሩቤል፣ ለጸሐፊዋ ሳይሆን ለጓዶቻቸው፣ ዝግ ብለው ተናገሩ።

‹‹ሁለት ጊዜ መመለስ ክብር ነው። ሦስተኛው ግን ንቀት ነው። ልጆቼ፣ እንውረድ።››

የከዘራቸው ኳኳታ ሲርቅ ተሰማ። አቶ ናሆም ባለቤታቸውን አዩ፤ ባለቤታቸው ምንጣፉን ያያሉ። ልጃቸውን አዩ፤ ልጃቸው እርሳቸውን ታያለች። ዓይናቸውን ወደ ኮርኒሱ አነሡ።

‹‹ዘመዶቼ ናቸው›› አሉ።

አዋጁ ኮሪደሩን ሞላው፤ በዚያው ድምፅ ወደ ደረጃውም ወረደ። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። እትዬ ሶልያና ነጠላቸውን ስበው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ሽማግሌዎቹ ከደረጃው ተመልሰው ገብተው በክፍሉ መካከል ቆሙ። አቶ ናሆም የሚያዝኑ ሳይሆን የሚደሰቱ ሰዎች ጠብቀው ነበር፤ አባባ ኪሩቤል ግን ቤታቸው የተቃጠለባቸው ይመስሉ ነበር።

‹‹አቶ ናሆም፣ ምን አደረጉን?›› አሉ። ‹‹ሳንጠይቅዎ ሰጡን እኮ።››

አቶ ናሆም ስለ በሩ፣ ስለ ጸሐፊዋ፣ ስለ ዘመድ አሠራር ሊያስረዱ ሞከሩ። ሽማግሌው በትዕግሥት ሰሟቸው፤ ነገሩም ገባቸው፤ ጭንቃቸው ግን ከፋ እንጂ አልቀነሰም። ያልተከለከሉትን ልጅ ይዘው ወደ አንለይ ቤት ቢመለሱ፣ ምን ነውር ቢገኝባት ነው የሚል ወሬ ሳይውል ሳያድር እንደሚነሣ አስረዱ። ሁለቱ ጓዶች ራሳቸውን ነቀነቁ። መፍትሔው አንድ ነበር፤ አባትየው አሁኑኑ፣ በወጉ፣ አንድ ጊዜ ይከልክሏቸው። እነርሱ ይለምናሉ። ከዚያ ይሰጧቸዋል። ሁሉም ነገር ሥርዓቱን ይይዛል።

‹‹ምን ብዬ ነው የምከለክለው?›› አሉ አቶ ናሆም።

‹‹እንደመጣልዎ።››

‹‹ልጄ ገና… ማለቴ ትንሽ…››

‹‹ይህ ይቅርታ መጠየቅ ነው›› አሉ አባባ ኪሩቤል። ‹‹ጠንከር ይበሉ።››

‹‹ምናልባት ሌላ ጊዜ…››

‹‹አባዬ›› አለች አሰገደች፣ ‹‹ሰዓቱ እየሄደ ነው። በናትህ ከልክለኝ።››

አቶ ናሆም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጡጫቸውን ጨብጠው፣ ከሆዳቸው ባወጡት ድምፅ ‹‹ልጄን አልሰጥም!›› አሉ።

አባባ ኪሩቤል ፊታቸው በራ። ለልመናው አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ከኮርኒሱ ማንም ሰምቶት የማያውቅ የደወል ድምፅ መጣ።

‹‹ውሳኔ ተሰጥቷል›› አለች ጸሐፊዋ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር ብለው አቶ ናሆም ኋላ ማሉ። ሠላሳ ዓመት ዋና ዳይሬክተሮችን አገልግላለች፤ ሲያጤኑ፣ ሲያስጠኑ፣ ኮሚቴ ሲያቋቁሙ ሰምታለች፤ አንዱም ግን በፊቷ ቁርጥ ያለ ውሳኔ ሰጥቶ አያውቅም። አሁን ተሰጠ። ወዲያውም የወይዘሪት አሰገደች የጋብቻ ጉዳይ ውድቅ መሆኑ በየፎቁ ታወጀ። ጠፍቶ የዋለው አሳንሰር ባለጉዳዮቹን ሊሸኝ ራሱ መጥቶ አፉን ከፈተ።

አቶ ናሆም ለወግ ያህል የተናገሩት መሆኑን አስረዱ፤ ቃላቸውን አነሡ፤ በመጨረሻም ለመኗት። ጸሐፊዋ የዋና ዳይሬክተር ውሳኔ በራሱ በዋና ዳይሬክተሩ እንደማይሻር ነገረቻቸው፤ የሚሻረው በይግባኝ ነው፤ ይግባኙንም የበላይ አካል ያያል። ውሳኔው እስካልተሻረ ድረስ ደግሞ ከዚያ ክፍል ልጅቷ ወደ ዳሎል ልትወጣ ቀርቶ ወደ ኮሪደሩም በሩ አይከፈትላትም።

‹‹ከዋና ዳይሬክተሩ በላይ ማን አለ?›› አሉ አባባ ኪሩቤል። በሌላ ሰው ቤት ጉዳይ መግባታቸውን ረስተውታል፤ አሁን ጉዳዩ የራሳቸው ሆኗል።

ጸሐፊዋ ጥቂት አሰበች። ‹‹ሚኒስትሩ ነበሩ። ነገር ግን የሚኒስትሩን ቃል ዋና ዳይሬክተሮቹ በጎን ሲሽሩ ሰምቻለሁ። ሲሽሩት ሰምቼ የማላውቀው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከምሳ በፊት ከቤት ይደወል የነበረው።››

‹‹የማን ድምፅ?››

‹‹የባለቤታቸው።››

ሁሉም ወደ እትዬ ሶልያና ዞሩ። ነጠላቸው አሁንም ፊታቸው ላይ ነበር። ቀስ ብለው አወረዱት። ዓይናቸው መጀመሪያ ልጃቸው ላይ ዐረፈ፤ አሰገደች ስልኳን በሁለት እጇ ጨብጣ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። ከዚያ ባላቸውን አዩ፤ አቶ ናሆም አሁንም ጡጫቸውን አልፈቱም።

‹‹ትእዛዝዎን እጠብቃለሁ፤ እመቤቴ›› አለች ጸሐፊዋ። እንዲህ ያለ ድምፅ ለዋና ዳይሬክተር አውጥታ አታውቅም።

‹‹እስኪዘጋ ስንት ቀረን?›› አሉ እትዬ ሶልያና።

‹‹ግማሽ ሰዓት።››

‹‹ይበቃል። እንግዲያው በወጉ ይጠይቁኝ።››

አባባ ኪሩቤል በዕድሜያቸው ብዙ አባቶችን ለምነዋል፤ እናት ግን ለምነው አያውቁም። ንግግራቸው ሁሉ ለአባት የተሰፋ ነበር። ከዘራቸውን አንድ ጊዜ አነሡና ሙሉ አካላቸውን ወደ እትዬ ሶልያና አዞሩ። ከአገር ሰላም ጀመሩ፤ ወደ ዝናሙ አለፉ፤ ከዝናሙ ወደ ዘር፣ ከዘር ወደ አንለይ ሰባት ቤት ወረዱ። አንዳንድ ቦታ ‹‹አንተ የቤቱ ምሰሶ›› የሚለውን ‹‹አንቺ›› ለማድረግ ሲቸገሩ ታዩ፤ ሆኖም ተሻገሩት። ሁለቱ ጓዶች በየምዕራፉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ ናሆም የት መቆም እንዳለባቸው ግራ ገብቷቸው ጥቂት ከተንከራተቱ በኋላ መጥተው ከሽማግሌዎቹ ጎን ቆሙ፤ እጃቸውንም እንደ እነርሱ አጣምረው ያዙ።

ንግግሩ ሲያልቅ እትዬ ሶልያና አልቸኮሉም። የልጃቸውን ዋጋ በሚያህል ዝግታ ነጠላቸውን በትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

‹‹አንድ ነገር ልጠይቅ›› አሉ። ‹‹ልጁ ስብሰባ ይወዳል?››

‹‹አይወድም፤ እመቤቴ›› አሉ አባባ ኪሩቤል። ‹‹ዳሎልን የመረጠውም በዚሁ ነው።››

‹‹እንግዲያስ ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ።››

አባባ ኪሩቤል ከሦስት ቀን በኋላ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ሲታጠፍ የሰጠው ድምፅ ለሁሉ ተሰማ። አሰገደች ወደ መስኮቱ ሮጣ ደወለች። አንለይ ከወዲያኛው ጫፍ የሚለው አልተሰማም፤ ፊቷ ግን ይናገር ነበር።

 አቶ ናሆም ከጸሐፊዋ የሚቀጥለውን ትእዛዝ፣ ሽኝቱን፣ አዲሱን መሰናክል ጠበቁ፤ ምንም አልመጣም። በዚያ ሕንጻ ጉዳይ ሲመራ፣ ሲዘገይ፣ ሲጠፋ፣ ባለጉዳዩም አርጅቶ ሲሞት አይታለች፤ ያለቀ ጉዳይ ግን አይታ አታውቅም። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ የሚያሳይ አሠራር አልነበራትም። መብራቱ አንድ ጊዜ ደመቀ፤ አንድ ጊዜ ፈዘዘ። ባዶው አሳንሰር እስከ ምድር ቤት ወርዶ ተመልሶ ወጣ። ከዚያ የሕንጻው በሮች፣ የሁሉም ፎቅ፣ በአንድ ጊዜ ተከፈቱ።

ነዋሪው ምን መጣ ብሎ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ከሒሳብ ክፍል አንዲት ሴት ጉዳዩ ማለቁን ከሰው ሰማች፤ ማመን አቅቷት ሁለት ጊዜ ጠየቀች፤ ከዚያ እልል አለች። እልልታው ከፎቅ ፎቅ እየወረደ ምድር ቤት ደረሰ። አቶ ናሆም በሩ ላይ ቆመው ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አዩ።

አሥራ አንድ ተኩል አለፈ፤ አንድም በር አልተዘጋም።